ስለ ኃይል፣ ስለ ሥራና ስለ ጕልበት፤ በሬ ያረሰውን መሬት ጎርፍ እንዳይወስደው

የወረዳ ሹማምንት፣ ባለይዞታዎችም፣ ስለ እርሻ ትእዛዝና ምክር በሚሰጡበት ጊዜ ሁሉ የሚያጋጥማቸው ነገር የኃይልና የሥራ ነገር ነው። በሬ ሲጎትት፣ ጭነት ዳገት ሲወጣ፣ ጎርፍ ቁልቁል ሲወርድ የሚገዛቸው ሕግ አንድ ነው። ይህንም ሕግ ማወቅ ለተማሪ ብቻ የሚተው አይደለም፤ መሬቱ ተዳፋት በሆነበት አገር ለሚያስተዳድር ሰው እጅግ ይጠቅመዋል። ስለዚህ የወገራን ደጋ፣ ይልቁንም የአምባ ጊዮርጊስን አካባቢ ምሳሌ አድርገን ነገሩን ባጭሩ እንገልጻለን።

ስለ ኃይል

ኃይል ማለት መግፋት ወይም መጎተት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ይስሐቅ ኒውተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የቆመ ነገር የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ካላገኘ እንደ ቆመ ይኖራል፤ የሚሄድም ነገር የሚያግደው ኃይል ካላገኘ በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄዱን አይተውም። በሬዎች ቀንበሩን ወደ ፊት ሲስቡ አፈሩ ማረሻውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለቱ ኃይሎች ሲተካከሉ ማረሻው ባንድ ፍጥነት ይሄዳል፤ ሥር ወይም ድንጋይ ሲያገኘው ግን የሚይዘው ኃይል ስለሚበልጥ ይቆማል።

ስለ ሥራ

ሥራ የሚባለው ኃይሉ በተሄደበት ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። አንድ ኪሎ ክብደት ያለውን ነገር አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ አንድ ኪሎግራም ሜትር ይባላል። 100 ኪሎ ጭነት 100 ሜትር ከፍታ ቢወጣ ሥራው 10,000 ኪሎግራም ሜትር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ወይም ጠመዝማዛ ቢሆን ይህ ቍጥር አይለወጥም፤ ነገር ግን መንገዱ በረዘመ መጠን ባንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ኃይል ያንሳል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚያወርደው የሊማሊሞ መንገድ ያን ያህል የተጠማዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ አስቀድመው በየገደሉ መንገድ እያስቈረጡ ዳገቱን አለዘቡት እንጂ በብዙ መቶ ሰዎች ብርታት ብቻ አልታመኑም።

ስለ ጕልበት

ጕልበት ማለት ሥራ ለመሥራት መቻል ነው። የበሬ ጕልበት ከሚበላው ገለባና ሣር ይመጣል። ከፍ ባለ ቦታ ያለ ውሃም ለመውረድ የተዘጋጀ ጕልበት አለው፤ በወረደም ጊዜ ያ ጕልበት ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ጕልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ደግሞም ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሚሄድ ነገር ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጕልበቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጕልበቱ ዘጠኝ እጥፍ መሆኑ ነው። ቀስ ብሎ ሲወርድ ጠጠር የማያነሣ ውሃ ፈጥኖ ሲወርድ ድንጋይ የሚያንከባልለው ስለዚህ ነው።

በሬና ጎርፍ ሲነጻጸሩ

ወርዱም ርዝመቱም 50 ሜትር የሆነ፣ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚያዘቀዝቅ እርሻ እንውሰድ። ትልሙ በ25 ሳንቲሜትር ቢራራቅ በሬዎቹ አንድ ጊዜ አርሰው እስኪጨርሱት 10 ኪሎሜትር ይሄዳሉ። የሚስቡበት ኃይል 100 ኪሎ ቢሆን ሥራቸው 1,000,000 ኪሎግራም ሜትር ይሆናል። በዚሁ እርሻ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል የውሃው ክብደት 25,000 ኪሎ ነው። ከላይኛው ጫፍ የጣለው 10 ሜትር፣ ከታችኛው ጫፍ የጣለው ምንም ስለማይወርድ፣ መካከለኛው 5 ሜትር ነው። እንግዲህ ውሃው ሁሉ ቢወርድ 125,000 ኪሎግራም ሜትር ጕልበት ያወጣል። እንዲህ ያለ ዝናብ ስምንት ጊዜ ቢጥል አንድ ጥማድ በሬ ያን እርሻ አንድ ጊዜ ካረሰበት ሥራ ጋር ይተካከላል። ከውሃው የሚሰርግ አለ፤ ከጕልበቱም በመፈተግ የሚባክን አለ። ነገር ግን ከላይ ካለው ማሳ የሚመጣው ጎርፍ ሲጨመርበት ሒሳቡ ይከብዳል። በሬው ያለሰለሰውንና ሰብል ገና ያልሸፈነውን አፈር የክረምት ውሃ እንደ ገና ያርሰዋል፤ ልዩነቱ የበሬው እርሻ ገብስና ስንዴ ሲያበቅል የጎርፉ እርሻ አፈሩን ወደ ሸለቆ ማውረዱ ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

የውሃውን ጕልበት ማጥፋት አይቻልም፤ ነገር ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ጕዳት በማያደርስበት ስፍራ እንዲያልቅ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ፤

1ኛ፤ የመጨረሻው እርሻ ተዳፋቱን አግድሞ ይታረስ። ቁልቁል የወረደ ትልም ለጎርፍ የተጠረገ መንገድ ነው።

2ኛ፤ እርከን ይሠራ፤ ጠርዙም በሣር ይያዝ። 10 ሜትር የሚወርደው እርሻ በአምስት እርከን ቢከፈል ውሃው 2 ሜትር በወረደ ቍጥር ይገታል፤ ፍጥነትም ሳያበዛ ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

3ኛ፤ ውሃ የሚያቍር የዋልካ መሬት ፈሰስ ያስፈልገዋል። ፈሰሱ ግን በጥቂቱ ብቻ ያዘንብል፤ መጨረሻውም ሣር ወይም ድንጋይ ያለበት መውረጃ ይሁን እንጂ የጎረቤት ማሳ አይሁን።

4ኛ፤ ሥራው ከተራራው ራስ ተጀምሮ ወደ ታች ይውረድ። የላይኛው ማሳ ክፍት ከሆነ ጎርፉ ተከማችቶ የታችኛውን እርከን ያፈርሰዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሹማምንትን ትጋት የሚፈልገው ይህ አራተኛው ነው። አንድ ገበሬ የቱንም ያህል ቢደክም ከበላዩ ያለውን ባለይዞታ ሊያዝ አይችልም፤ በውሃ መውረጃ ምክንያት በጎረቤታሞች መካከል ክርክር የሚነሣውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ውሃ የማሳን ወሰን አያውቅምና፣ ባንድ ተዳፋት ላይ ያሉትን ባለይዞታዎች ሁሉ ባንድነት ሰብስቦ፣ ክረምት ሳይገባ በበጋ ማሠራት የሚያስተዳድረው ሰው ድርሻ ነው። ከተሸረሸረ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ካሳ ያስከፍል ይሆናል፤ የሄደውን አፈር ግን አይመልስም።