ከወርቁ ጋር የወጣው ድንጋይ

አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ላይ ለቤት መሠረት ያስቆፈረ ሰው ከጉድጓዱ የሚወጣውን ድንጋይ ያውቀዋል። ጥቁር ነው፤ አንዳንዱ ቀላ ያለ፣ አንዳንዱ ቀዳዳ የበዛበት። ሁሉም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። በስተምዕራብ ተገትሮ የሚታየው ወጨጫም ራሱ የበረደ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜውም በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ቢቆጠር ነው፣ ለተራራ ደግሞ ይህ ገና ልጅነት ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ጓሮ ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ የሰማ ሰው አካፋ ፍለጋ ባይሮጥ ይሻለዋል። የኢትዮጵያ ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠሩ፣ ሙቀትና ግፊት በለወጣቸው አለቶች ውስጥ ነው። እነዚህ አለቶች ገጸ ምድር ላይ የሚታዩት በጉጂ በኩል አዶላና ሻኪሶ፣ በቤኒሻንጉል፣ በወለጋና በትግራይ ነው።

ወርቁ ባይኖርም ድንጋዩ ግን ከተማ ይገባል። ሻኪሶ ወይም አሶሳ ወርቅ ሲያጥብ የከረመ ዘመድ የሆነ ነገር በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣል። ቤተሰቡ ወደ መስኮት ያስጠጋዋል፣ በስልክ ፎቶ ያነሳዋል፣ ለሚያውቅም ለማያውቅም ይልካል። ወርቅ ቤት የወሰደው እንደሆነ ባለሙያው በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ «ወርቅ ነው» ወይም «ወርቅ አይደለም» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ፣ ማለትም ወርቅ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው የሚለው፣ የእሱ ሥራ አይደለም። ለእኔ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ወርቅ አጣቢ «አይረባም» ብሎ ከሚደፋው ውስጥ አገር የሚያስጠራ ነገር የተገኘበት ጊዜ አለና።

ገበቴው ውስጥ የሚሆነውን እንይ። አጣቢው ውኃውን እያዞረ አፈሩንና ቀላሉን አሸዋ ሲያስወጣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው። ወርቅ ተመሳሳይ መጠን ካለው ውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራው ነጭ ኳርትዝ ግን ሦስት እጥፍ እንኳን አይሞላም። ጥቁሩ አሸዋ በመካከል ያለ ነው፤ ለዚህ ነው እስከ መጨረሻው ከወርቁ የማይለየው። ማግኔት በፌስታል ተጠቅልሎ ሲጠጋበት ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ዘሎ ይለጠፋል፤ ፌስታሉ ሲገለበጥ ደግሞ ይረግፋል። ኢልሜናይት የሚባለው ባለ ታይታኒየም ማዕድን እምብዛም አይሳብም። ማግኔት ያልነካቸው ቀያይ ፍሬዎች ብዙ ጊዜ ጋርኔት ናቸው። የሚያብለጨልጨው ቀጭን ቅርፊት ማይካ ነው፤ ጥላ ሥር ሲገባ ወዙ ይጠፋል፣ ወርቅ ግን ፀሐይም ላይ ጥላም ውስጥ ያው ቢጫ ነው።

አንዳንዴ ግን ነጭ፣ ከባድና ብርማ ፍሬ ይቀራል። በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ ወንዞች ወርቅ ያስወጡ የነበሩ ስፔናውያን እንዲህ ያለውን ፍሬ ወርቃቸውን የሚያበላሽ መስሏቸው መልሰው ወንዝ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ፕላቲኒየም ነበር። እኛም አገር በምዕራብ ወለጋ፣ በብርብር ወንዝ አጠገብ ባለችው ዩብዶ ፕላቲኒየም ተገኝቶ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል። የዩብዶን አለት ያጠኑ አውሮፓውያን ጂኦሎጂስቶች አንዱን የድንጋይ ዓይነት በወንዙ ስም ብርብራይት ብለውታል፤ ስሙ ዛሬም በዓለም የድንጋይ መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ። እዚህ ላይ ማግኔት የሚያምን ሰው ይጠንቀቅ፤ ብረት የተቀላቀለበት ፕላቲኒየም በማግኔት ሊሳብ ይችላል፣ ከማግኔታይቱ ጋር አብሮ ሊደፋም ይችላል።

ድንጋዩን ለማወቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀለም ደግሞ ዋናው ውሸታም ነው። የጭረቱ ቀለም ይሻላል። የተሰበረ ሴራሚክ ጀርባው፣ ያልተወለወለው ወገን፣ ለዚህ በቂ ነው። ፓይራይት ወርቅ መስሎ ስንቱን አስፈንድቋል፤ ሴራሚኩ ላይ ሲጫር ግን ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ዱቄት ይተዋል፣ ወርቅ ቢጫ መስመር ያሰምራል። በመዶሻ ሲመታም ፓይራይት ይደቅቃል፣ ወርቅ ይለጠጣል። ሄማታይት ላዩ ጥቁር ሆኖ ጭረቱ ቀይ ቡናማ ነው። ሲመታ የነጭ ሽንኩርት ሽታ የሚሰጥ ብርማ ድንጋይ ካጋጠመ አርሴኒክ አለበትና እሳት ላይ አይቀመጥም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን ሚዛኑን ነው፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ድንጋዩ በደረቁ ይመዘናል፤ 150 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ዜሮ ይደረጋል። ድንጋዩ በክር ታስሮ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ሙሉ በሙሉ መስጠም አለበት፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ግን መንካት የለበትም። ሚዛኑ 20 ግራም ካሳየ 150ን ለ20 ማካፈል ነው፤ 7.5 ይመጣል። ይህ እርሳስ የሚወጣበት የጋሌና ክብደት ነው። ተራ ኳርትዝ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ወደ 57 ግራም ባሳየ ነበር። ዘዴው የሚያስቸግረው ውኃ በሚጠጣ ድንጋይ ላይ ነው፤ የወሎ ደላንታ ኦፓል ውኃ እየመጠጠ ቁጥሩን ያዛባዋል።

ይህ የክብደት ጉዳይ በሻኪሶ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። እዚያው ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ የታንታለም ማዕድን አለ፤ ታንታለም የሞባይል ስልክ ጥቃቅን ክፍሎች የሚሠሩበት ብረት ነው። ታንታላይት ሲታይ ከወንዝ ዳር ጥቁር ጠጠር ብዙም አይለይም፣ ሲመዘን ግን 8 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ዩራኒየም ሊኖርበት ስለሚችል አልጋ ሥር ማከማቸቱ አይመከርም። በዚሁ ሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድም ይወጣል፤ በተፈጥሮው ስድስት ጎን ያለው ዘንግ ሲሆን መስታወት ይጭራል፣ ቢላዋ ግን አይጭረውም። ወንዝ ያለሰለሰው የቢራ ጠርሙስ ስባሪ አረንጓዴነቱ ሊያታልል ይችላል፤ ቅርጽ ግን የለውም፣ በውስጡም ክብ የአየር አረፋ ይታያል።

ከዚህ በላይ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትም ሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎው የመሬት ሳይንስ ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። በጂኦሎጂ ሙያ አለቱ ተፍቆ 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪደርስ ይሳሳል፤ ያኔ ብርሃን ያሳልፋል፣ በማይክሮስኮፕም ማዕድኖቹ እያንዳንዳቸው ይለያሉ። ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን የድንጋዩን ዋጋ ሳይሆን ቦታውን ነው። የትኛው ወንዝ? ከየትኛው ዳር? በምን ያህል ጥልቀት? ከአለት ተፈንቅሎ ነው ወይስ ጎርፍ አምጥቶት? ይህ ባገኘው ሰው እጅ በወረቀት ተጽፎ ከድንጋዩ ጋር ቢታሰር ጥሩ ነው፤ ድንጋዩም ታጥቦ፣ አንድ ወገኑ አዲስ ተሰብሮ ይቅረብ፣ ያረጀ ገጽ ዝገት ይሸፍነዋልና። ውጤቱ ኤመራልድ ወይም ታንታላይት ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማውጣትም መሸጥም አይቻልም።