ቡቺ ስንት ቋንቋ ይሰማል?

ሆሳዕና ውስጥ ለሚያድግ ውሻ ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም። አያት በሀዲይኛ ይጠሩታል፣ ልጆች በአማርኛ ያጫውቱታል፣ ከዱራሜ ወይም ከሺንሺቾ የመጣ እንግዳ በከምባትኛ ያባርረዋል። እሱም ለአንዱ ጅራቱን ይቆላል፣ ከሌላው ጅራቱን ወትፎ ይሸሻል። ይህን ያየ ባለቤት «መናገር ብቻ ነው የቀረው» ቢል አይፈረድበትም። እውነት ግን ንግግራችን ይገባዋል?

ጉዳዩን በቅርብ ከመረመሩት መካከል በሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት የሚገኘው የኦትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይጠቀሳሉ። ውሾቹ ሳይታሰሩና ማደንዘዣ ሳይወጉ ኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ዝም ብለው እንዲተኙ አሠለጠኗቸው። ከዚያ ድምፅ እያሰሙ አንጎላቸው ምን እንደሚሠራ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት 13 ውሾች የሙገሳ ቃላትንና ተራ ቃላትን፣ አንዴ በሞቀ አንዴ በደረቅ ቃና ሰሙ። አንጎላቸው ቃሉንና ቃናውን ለየብቻ ለየ። የደስታ ማዕከላቸው በደንብ የነቃው ግን የሙገሳው ቃል በሙገሳ ቃና ሲነገር ብቻ ነው። በደረቁ የወጣ «ጎበዝ!»ም ሆነ በጣፈጠ ድምፅ የተነገረ ተራ ቃል ያን ያህል አላስደሰታቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሌላው ጥናታቸው ደግሞ የሆሳዕናን ውሻ በቀጥታ ይመለከታል። 18 ውሾች «ትንሹ ልዑል» ከተሰኘው መጽሐፍ የተወሰደ ንባብ በስፓኒሽና በሃንጋሪኛ ተነበበላቸው። እያንዳንዱ ውሻ ቤቱ የለመደው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነበር። አንጎላቸው የለመዱትንና ያልለመዱትን ቋንቋ ለየ፤ ዕድሜያቸው የገፋው ደግሞ ይበልጥ ለዩ። እንግዲያው ቡቺ ቤት ውስጥ ወሬው ከሀዲይኛ ወደማያውቀው ቋንቋ ሲዞር ሳያስተውል አይቀርም ማለት ነው። መለየት ግን መረዳት አይደለም።

ድንበሩን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት ነው። በዚህኛው ተመራማሪዎቹ ውሾቹ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው የሚያውቁትን ትእዛዝ፣ ከትእዛዙ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለይ የፈጠራ ቃል፣ እንዲሁም ጨርሶ የማይመሳሰል ቃል አሰሟቸው። የማይመሳሰለውን ወዲያው ለዩት፤ በአንድ ድምፅ የሚለየውን ግን ከትእዛዙ መለየት አልቻሉም። «ቁም» እና «ቁጭ» ለእኛ ተቃራኒ ናቸው፤ ለቡቺ ግን አንድ ዓይነት ቢመስሉት አይገርምም።

ቃል ፈጽሞ አይማሩም ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቼዘር የተባለች ውሻ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ፒሊ በሦስት ዓመት ሥልጠና የ1,022 መጫወቻዎችን ስም አስጠንቷታል። እንዲህ ያሉ ውሾች ግን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ የዕቃ ስም መያዝ ይቸግራቸዋል።

ፈረስ ጋ ስንመጣ ከቃሉ ይልቅ አካላችን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን ውስጥ ሃንስ የተባለ ፈረስ ለሒሳብ ጥያቄ በኮቴው መሬት እየመታ መልስ ሲሰጥ አገሩ ጉድ አለ። በኋላ ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲፈትነው፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ወይም ከፈረሱ ዓይን ከተሰወረ ሃንስ ይሳሳት ነበር። ለካ ቁጥሩ ሲሞላ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱም ያንን አይቶ ያቆማል። «ፈረሴ የልቤን ያውቃል» የሚል ባለጋሪም አልዋሸም፤ ፈረሱ የሚያነበው ግን አቀማመጡንና የልጓም አያያዙን ነው።

ድመትስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ድመቶች ስማቸውን ከሌሎች ተመሳሳይ ርዝመት ካላቸው ቃላት እንደሚለዩ አሳይተዋል፤ ስማቸው ሲጠራ ጆሯቸውን ወይም ራሳቸውን ያዞራሉ። መምጣት አለመምጣት የድመቷ ፈንታ ነው።

የዱር እንስሳም ቢሆን ጆሮው ቀላል አይደለም። ኬንያ፣ አምቦሴሊ ያሉ ዝሆኖች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በማሳይኛና በካምብኛ ተቀድቶ ሲሰሙ፣ ጦር ይዘው የሚገጥሟቸውን የማሳይ ወንዶች ድምፅ ለይተው ተሰባስበው ሸሽተዋል። የሴቶችና የልጆች ድምፅ ያን ያህል አላስደነገጣቸውም። ቃሉ ምን እንደሚል ሳይሆን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ነው የገባቸው።

በሀዲያና በከምባታ ባህላዊ ቤት ከብቱ ማታ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ላሟ የአላቢዋን ድምፅ ብትለምድ አያስገርምም፤ ያም ድምፅ የወተት ጉዳይ ነው። የደነገጠች ላም ወተቷን አታወርድም፤ ድንጋጤ ኦክሲቶሲን የተባለውን ወተት አውራጅ ሆርሞን ያግዳልና። ቪየና ውስጥ በጊደሮች ላይ በተደረገ ጥናትም እያሻሹ በአካል በለሰለሰ ድምፅ ሲያነጋግሯቸው፣ የተቀዳ ድምፅ ከማሰማት ይልቅ ይረጋጉ ነበር።

ስለዚህ እንስሶቻችን ጥቂት ቃል፣ ብዙ ቃና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አካላችንን ይረዳሉ፤ ዓረፍተ ነገራችንን ግን አይረዱም። ሦስት ቋንቋ የሚነገርበት ቤት ካለዎት፣ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ቃል ይምረጡ፤ ከሀዲይኛም፣ ከከምባትኛም፣ ከአማርኛም ቢሆን ግድ የለም። ቃላቱ እርስ በርስ አይመሳሰሉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ውሻውን በዚያው ይጥራው፣ በዚያው ያዝዘው። ውሻው ሳይታዘዝ ሲቀርም ዱላ ከማንሳትዎ በፊት ትእዛዙን ማን በምን ቃል እንዳስለመደው ይጠይቁ።