ከሮም አስፋልት እስከ ኖርዌይ በረዶ

በዴንቨርና በአውሮራ ክረምት ሲገባ ታክሲ ነጂውም ሆነ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ቀኑን የሚጀምረው መኪናው ላይ የተቆለለውን በረዶ በመጥረግ ነው። ከዚህም የከፋ ብርድ ባለበት አገር አንድ ኢትዮጵያዊ በበረዶ ላይ ውድድር ማሸነፉን ብዙ ሰው አያስታውስም። ያ ሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ እንደ አገሬው ልጅ ገና ይጫወት ነበር። ሩሯን በዱላ እየለጉ ሜዳ ለሜዳ መሯሯጥ የገጠር ልጅ እግር የሚፈተንበት ጨዋታ ነው። አድጎ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም አሠለጠነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የማራቶን ወርቅ ወሰደ። በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደገመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በመጋቢት 1969 ግን ሸኖ አካባቢ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ዓለም ያጨበጨበላቸው እግሮች ከዚያ ወዲህ አልታዘዙትም። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። እዚያው በ1970 በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ።

በ1971 ኖርዌይ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ በክብር እንግድነት ተጠራ። አበበ ግን ተቀምጦ መመልከቱን አልመረጠም። ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ላይ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። በረዶ ሲያዩ ያደጉትን ሰዎች ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። በጥቅምት 1973፣ በ41 ዓመቱ አረፈ።

በአገሩ አስተማሪ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ፣ እዚህ መጥቶ ከመኪና ማቆሚያ ሥራ ሀ ብሎ የጀመረ ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ይረዳዋል። የቀድሞ ሙያ ሲቀር ያማል፤ አበበም አሞታል። ሆኖም የሮሙን ወርቅ እያስታወሰ ቤቱ አልቀረም። በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ስፖርት፣ እንደ ጀማሪ ከመነሻው መስመር ላይ ተሰለፈ።