ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሙያ

በጣና ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻዎች፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በሌሎችም የአገሪቱ አካባቢዎች የሚገኙ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሳቸውን ግድግዳ በሸፈኑት ሥዕሎች በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ። በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ሥዕሉን ያሠራው ባለሀብት፣ መኰንን ወይም ንግሥት ስምና መልክ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሥዕሉን የሣለው ባለሙያ ስም ግን በአብዛኛው አይገኝም።

በደቅ ደሴት በምትገኘው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። እቴጌይቱን በዚያ መልክ ያኖረው እጅ የማን እንደሆነ ግድግዳው አይናገርም። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው ሥዕል ላይ ስሙን ማስፈሩ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ እንደ ብርቅ የሚጠቀሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሠዓሊው ስም ባይጻፍም ሙያው ግን አልጠፋም። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት ሙያው በመጽሐፍ ሳይሆን በቤተሰብ ውስጥ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ መቆየቱ ነው። የሥዕሎቹ ዕድሜ ከዚህ የእጅ ቅብብል ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ግድግዳውን ለመጠበቅ የሚደረገው ጥረት ሙያውንና ባለሙያውን ካላካተተ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሕይወት የሚጀምረው ከቆሎ ትምህርት ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ዲቁና ይቀበላል፤ ከዚያም እንደ ዝንባሌው ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ ወይም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይዘልቃል። ሥዕል ራሱን የቻለ ጉባኤ ቤት ስላልነበረው ትምህርቱ የሚሰጠው ከዚሁ ጎን ለጎን በሠዓሊው ቤት ነው። ሠዓሊው በብዙ ቦታ ደብተራ፣ መሪጌታ ወይም ቄስ ሆኖ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። የሚሥለውን ታሪክ ከመጽሐፍ አንብቦ፣ በማኅሌት አገልግሎ የሚያውቀው በመሆኑ ብሩሹ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

በሠዓሊው ቤት ያደገ ልጅ ብሩሽ ከመያዙ በፊት በርካታ ዓመታትን በዝግጅት ሥራ ያሳልፋል። ቀለም መፍጨት፣ ሙጫ ማፍላት፣ ጨርቅ መወጠር፣ ሰሌዳ ማለስለስ የመጀመሪያዎቹ ተግባራት ናቸው። ቀጥሎ አባት የነደፈውን ሥዕል ልብስና መደብ በቀለም መሙላት ይፈቀድለታል። ንድፍ ማውጣትና ፊትን መሣል፣ በተለይም ዓይንን መክፈት፣ የሙያው የመጨረሻ ደረጃ ሲሆን አባት ይህን ሥራ ለልጁ የሚለቀው እጁ መጽናቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

የሥዕሉ አሠራርም የራሱ ብልሃት አለው። አብዛኞቹ ክብ አብያተ ክርስቲያናት በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ የተሠሩ በመሆናቸው ግድግዳቸው ቀለምን በቀጥታ ለመቀበል አይመችም። በመሆኑም ሠዓሊው በጥጥ ጨርቅ ላይ ይሥልና ጨርቁን በግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ይህ ዘዴ ሠዓሊው በቤቱ ሆኖ ክፍል በክፍል እንዲሠራ፣ ርቆ ለሚገኝ ደብርም ሥራውን ጠቅልሎ እንዲወስድ አስችሎታል። ለሰሌዳ ሥዕል ደግሞ እንደ ወይራ ያሉ ጠንካራ እንጨቶች ተመርጠው በነጭ ልባጥ ከተሸፈኑ በኋላ ይሣልባቸዋል።

በጥንታውያን ሥዕሎች ላይ የተካሄዱ የቤተ ሙከራ ምርመራዎች እንዳሳዩት ሠዓሊዎቹ ቀዩን ሜርኩሪና ድኝ ካለው ማዕድን፣ ቢጫውን አርሰኒክ ካለበት ማዕድን፣ ሰማያዊውን ከዕፅዋት፣ ጥቁሩን ከከሰልና ከጥላሸት ያገኙ ነበር። አረንጓዴውን ለማግኘት ቢጫውንና ሰማያዊውን የማዋሐድ ልማድም ነበራቸው። ቀለሙን የሚያጣብቀው ከእንስሳት ቆዳ ተፈልቶ የሚገኝ ሙጫ ነው። የአዘገጃጀቱ ልክ፣ የውኃው መጠንና የእሳቱ ኃይል በአብዛኛው የቤተሰብ ዕውቀት ሆኖ የኖረ በመሆኑ አንድ አዛውንት ሠዓሊ ልጅ ሳያስተምር ሲያልፍ አብሮት የሚያልፍ ነገር እንዳለ መገንዘብ አያዳግትም።

ሥዕሎቹ በግድግዳው ላይ የሚቀመጡት በዘፈቀደ አይደለም። በሦስት ክፍል የተከፈለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ሲኖሩት ሥዕሉ የሚበዛው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። በበሮቹ ግራና ቀኝ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ። ስቅለት፣ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ የእመቤታችን ተአምራት፣ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ያሉ ፈረሰኛ ሰማዕታት፣ የጻድቃን ገድል በየተመደበላቸው ስፍራ ይሣላሉ። ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው ታይቶ በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን ታይተው በአንድ ዓይን መሣላቸው በስፋት የሚታወቅ ሥርዓት ነው። ማንበብ ለማይችለው ምእመን ግድግዳው መጽሐፍ ሆኖ ያገለገለው በዚህ ሥርዓት አማካይነት ነው።

ይህ ሥርዓት ከውጭው ዓለም ተነጥሎ የኖረ አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በአገሪቱ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም በጎንደር ዘመን ለነበሩ ሠዓሊዎች አርአያ ሆነው አገልግለዋል። ሠዓሊዎቹ ግን ያገኙትን እንዳለ አልገለበጡም። መልኩን፣ አለባበሱን፣ መደቡንና ቀለሙን ለውጠው የራሳቸው አድርገውታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታየው የመጀመሪያው የጎንደር ስልት በደማቅና ባልተቀላቀለ ቀለሙ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ስልት ደግሞ በፊትና በልብስ ላይ በሚታየው የጥላ አጣጣል ይለያሉ።

ጎንደር ከተማ በ1880 ዓ.ም. በድርቡሾች ወረራ አብዛኞቹ አድባራቷ ሲቃጠሉ ከጥፋቱ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የዚህ ጥበብ ዋነኛ ማሳያ ናት። በጣሪያዋ ላይ በረድፍ የተደረደሩት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ዛሬም የጎብኚን ዓይን ይስባሉ። ከተማዋ በሥዕሎቿ ብቻ ሳይሆን በሠዓሊ ቤተሰቦቿም የምትታወቅ ስትሆን ከእነዚህ መካከል የቀኝ ጌታ ጀምበሬ ኃይሉ ቤተሰብ ይጠቀሳል።

እ.ኤ.አ. በ1913 የተወለዱትና በ1994 ያረፉት ጀምበሬ ኃይሉ “ቀኝ ጌታ” የሚለው ማዕረጋቸው እንደሚያመለክተው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ልጃቸው ማርቆስ ጀምበሬም የአባቱን ሙያ ተከትሎ ሠዓሊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመና ስለ ኢትዮጵያ የእጅ ጥበብ ትውፊት የሚያትት መጽሐፍ የሁለቱን ትውልድ ሠዓሊዎች ሕይወት ለብቻው በአንድ ምዕራፍ አስፍሯል። ለዘመናት ስማቸው ሳይጻፍ የኖሩት ሠዓሊዎች በስም መጠራት የጀመሩት እንዲህ ባሉ ጥናቶች አማካይነት ነው።

የቤተሰብ ሙያው ለዘመናዊው ሥነ ጥበብ ያበረከተው አስተዋጽኦም ቀላል አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ነበሩ። በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት በአሁኑ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስማቸውን ይዞ ይገኛል። አለ ፈለገ ሰላም በ2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ያቋቋሙት ተቋም በሠዓሊ ቤት የተጀመረው ትምህርት እስከ ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ እንደሚችል ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ይሁን እንጂ ሙያውን ይዞ ቤተሰብን ማስተዳደር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ መጥቷል። ቀደም ሲል ሠዓሊውን የሚያሠሩት ነገሥታት፣ መኳንንትና ባለርስት አድባራት ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት ያገኙት የነበረው ገቢ ተቋረጠ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በአዲስ አበባ የአድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ እየሣሉ ለገበያ ማቅረብ የጀመሩ ሠዓሊዎች ስለነበሩ ብዙዎች ኑሯቸውን በዚሁ መንገድ ለመደጎም ተገደዋል። በብራናና በጨርቅ ላይ የተሣሉ ትናንሽ ሥዕሎች ለጎብኚዎች መሸጣቸው ሙያውን ከመጥፋት ቢታደገውም ዓመታትን የሚጠይቀው የመቅደስ ሥራ ግን እየቀነሰ ሄዷል።

በሌላ በኩል የሱቅ ቀለም በቀላሉ መገኘቱ የጥንቱን የቀለም አዘገጃጀት እያስረሳ ነው። ከዚህም በላይ በማተሚያ መሣሪያ የሚባዙ ሥዕሎች በአነስተኛ ዋጋና በአጭር ጊዜ በመገኘታቸው በርካታ አጥቢያዎች ግድግዳቸውን በእነዚሁ መሸፈንን መርጠዋል። የቀድሞዎቹ የውጭ ሥዕሎች በኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እጅ አልፈው ኢትዮጵያዊ መልክ ይይዙ ነበር። የዛሬው ኅትመት ግን የሚተካው አርአያውን ሳይሆን ራሱን እጁን በመሆኑ ለልጁ የሚያስተላልፈውን ሥራ ያጣ አባት ሙያውን ለማውረስ ይቸገራል።

በነባሮቹ ሥዕሎች ላይ የሚደርሰው ጉዳትም አሳሳቢ ነው። ከጣሪያ የሚያፈስ ዝናብ፣ ምስጥ፣ የሌሊት ወፍ፣ የጧፍና የዕጣን ጢስ ጨርቁን ከግድግዳው ያላቅቁታል፤ ቀለሙንም ያጠቁሩታል። ከሁሉ የከፋው ግን በበጎ ፈቃድ የሚፈጸመው ጥፋት ነው። የደበዘዘ ሥዕል “ይታደስ” ተብሎ በሱቅ ቀለም ሲደረብበት የቀድሞው ሠዓሊ ሥራ ተመልሶ በማይገኝበት ሁኔታ ይጠፋል።

በጨርቅ መሣሉ የሠዓሊውን ሥራ ያቀለለውን ያህል ሥዕሉን ከስፍራው ለማንሣትም አመቺ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በጎንደር ከሚገኘው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን ነቅሎ በምትካቸው በቡድኑ ሠዓሊ የተሣሉ ቅጂዎችን አኑሯል። የተወሰዱት ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ይህ ክስተት ቅጂ የግድግዳውን ባዶነት ሊሸፍን ቢችልም የተነቀለውን ቅርስ ሊተካ እንደማይችል ያስተምራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚካሄድ ማንኛውም የጥገና ሥራ ጉዳዩ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ በቅድሚያ ማግኘት እንዳለበት ደንግጓል። አዋጁ ግዙፍነት ካላቸው ቅርሶች በተጨማሪ ግዙፍነት ለሌላቸው ቅርሶችም ዕውቅና ሰጥቷል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ስምምነትም ባህላዊ የእጅ ጥበብ ዕውቀትን ከሚጠበቁት ቅርሶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህ መሠረት በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ግዙፍ ቅርስ ሲሆን ሥዕሉን ያስገኘው የእጅ ዕውቀት ደግሞ የማይዳሰስ ቅርስ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ዘለቄታ አይኖረውም።

በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች የአብያተ ክርስቲያናትን ቅርሶች ሲመዘግቡ የሥዕሎቹን ብዛትና ይዞታ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያሉትን ሠዓሊዎች ስም፣ ከማን እንደተማሩና ማንን እያስተማሩ እንደሆነ አብሮ መመዝገብ ይጠቅማል። የቀለምና የሙጫ አዘገጃጀታቸው በድምፅና በምስል ቢቀረጽ፣ የጥገና ዕቅዶች ሲዘጋጁም ከቅርስ ጥበቃ ባለሙያው ጎን አዛውንቱ ሠዓሊ ከነደቀ መዝሙሩ ቢሳተፍ ዕውቀቱ ወደ ተከታዩ ትውልድ የሚሻገርበት ዕድል ይሰፋል። የደብር አስተዳዳሪዎችም አዲስ ሕንፃ ሲያሠሩ ከበጀታቸው ጥቂቱን ለእጅ ሥዕል ቢመድቡ ለአንድ ቤተሰብ የዓመታት ሥራ፣ ለአንድ ልጅም የሙያ ትምህርት ይሆናል።

የእቴጌ ምንትዋብ መልክ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ የኖረው ስሙ ባልተጻፈ እጅ ነው። ያንን እጅ የተካው ትውልድ ዛሬም አልጠፋም። ስሙ በመዝገብ እንዲሰፍር፣ ብሩሹም ለልጁ እንዲተላለፍ ማድረግ ከግድግዳው ጥገና እኩል ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ተግባር ነው።