ጡንቻ ይፈጥናል፣ ጅማት ይዘገያል
ከጉዳት በኋላ ጉልበትን መልሶ ስለ መገንባት

በፓወርሊፍቲንግ ስፖርት አንድ ተወዳዳሪ የሚመዘነው በሦስት እንቅስቃሴዎች ነው። ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ ይነሣል፤ በጀርባው ተንጋሎ ከደረቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በመጨረሻም ብረቱን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በየከተሞቻችን በጂም ውስጥም ሆነ በሲሚንቶ በተሞላ ጣሳ እነዚህን የሚለማመዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ተጎድቶ ለወራት ካረፈ በኋላ ሲመለስ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከየት ልጀምር? ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ካቆመበት ክብደት የሚጀምር ሰው ለሁለተኛ ጉዳት ራሱን ያጋልጣል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ከሕክምና በፊት ጥቂት ፊዚክስ ያስፈልገናል።

ሥራና ጉልበት፦ ከቦረና ኤላ የምናገኘው ትምህርት

በፊዚክስ ጉልበት ማለት የመግፋት ወይም የመሳብ መጠን ሲሆን የሚለካው በኒውተን ነው። ሥራ ደግሞ ጉልበቱ በተጓዘበት ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ መለኪያውም ጁል ነው። የሁለቱን ልዩነት ለማየት ከአሬሮ እስከ ዱብሉቅ በተዘረጋው የቦረና ምድር ከሚታወቁት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ማለትም ከቱላ ኤላዎች የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በበጋ ወራት ኩሬዎች ሲደርቁ ወንዶች ጥልቀቱ እስከ 30 ሜትር በሚደርሰው ኤላ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው፣ ዜማ እያሰሙ፣ ውኃውን እጅ በእጅ ወደ ላይ ያሳልፋሉ። የዝናብ ወራት ሲመጣ ከብቱ ከኩሬ ይጠጣል፤ ኤላውም ያርፋል።

አንዱ ዕቃ ከነውኃው 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ እያንዳንዱ ሰውም 1.8 ሜትር ከፍ ያደርገዋል ብለን እንነሣ። ጉልበቱ ወደ 78 ኒውተን፣ የአንዱ ማንሳት ሥራም ወደ 141 ጁል ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ ቢያሳልፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ 127 ሺህ ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። 100 ኪሎ ግራም ብረት በግማሽ ሜትር ከመሬት የሚያነሣ ስፖርተኛ ግን በአንዱ ማንሳት የሚሠራው 490 ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ ኤላው ውስጥ የቆመው ሰው በሰዓት የሚሠራው ሥራ ብረቱን ወደ 260 ጊዜ ከማንሳት ጋር ይስተካከላል።

ይሁን እንጂ የስፖርተኛው ብረት የሚጠይቀው ጉልበት የውኃው ዕቃ ከሚጠይቀው ከ12 እጥፍ በላይ ነው። ሥራ ጽናትን ይጠይቃል፤ ጅማትን በአንድ ጊዜ የሚበጥሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጉልበቱ ከፍታ ነው። ከጉዳት የሚመለስ ሰው እንግዲህ አስቀድሞ ወደ ኤላው ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ወደ ብዙ ድግግሞሽና አነስተኛ ክብደት፣ ቀጥሎም ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ ብረት ቢሄድ መልካም ነው።

ወገባችን እንደ ማንሻ

በእጃችን የያዝነው ክብደት በሰውነታችን ውስጥ የሚፈጥረው ጉልበት ከራሱ ከክብደቱ እጅግ የበለጠ ነው። የጀርባ ጡንቻዎች ከታችኛው የአከርካሪ መጋጠሚያ በግምት 5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይስባሉ። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ከመጋጠሚያው 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ርቆ ቢያዝ፣ የርቀቱ ንጽጽር 8 ለ 1 ስለሆነ ጡንቻው የ160 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል መሳብ አለበት። በዚህ ላይ የገዛ አካላችን ክብደት ይጨመራል። ጀሪካኑ ወደ ሰውነት ተጠግቶ ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ሸክሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ፍጥነትም የራሱ ድርሻ አለው። 50 ኪሎ ግራም ብረት በየሴኮንዱ በ5 ሜትር በሴኮንድ በሚጨምር ፍጥነት ተመንጭቆ ሲነሣ የሚጠይቀው ጉልበት 740 ኒውተን፣ ማለትም የ75 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ስለዚህ ቀርቦና በዝግታ ማንሳት የተጎዳ ሰው ያለ ምንም ወጪ የሚያገኘው መከላከያ ነው።

ዕረፍት ምን ይወስዳል?

በ2014 እ.ኤ.አ. የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጤናማ ወጣቶችን አንድ እግር በጀሶ አስረው ለውጡን ለኩ። በ5 ቀን ውስጥ የጭኑ ጡንቻ ስፋት በ3.5 በመቶ፣ ጉልበቱ ግን በ9 በመቶ ቀነሰ። በ14 ቀን ስፋቱ በ8 በመቶ ያህል፣ ጉልበቱ ወደ 23 በመቶ ወረደ። ጉልበቱ ከስፋቱ ቀድሞ መውረዱ የጠፋው ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ነርቭ ጡንቻውን የማዘዝ ችሎታውም ይዳከማል።

መልካሙ ዜና ይህ ኪሳራ በአጭር ጊዜ የሚካካስ መሆኑ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለ20 ሳምንት የሠለጠኑና ከ30 ሳምንት በላይ ያቋረጡ ሴቶች፣ በ6 ሳምንት ዳግም ሥልጠና ያጡትን በአመዛኙ መልሰዋል። ነርቭ የተማረውን በቀላሉ አይረሳም፤ ጡንቻም ፈጥኖ ይታደሳል። አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ጅማትና የአቶሚክ ቦምብ ምስክርነት

ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት በምን ፍጥነት ይታደሳል? መልሱን የሰጠው ያልተጠበቀ ምንጭ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን-14 ወደ እጥፍ አድርሰውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጠኑ በየዓመቱ እየቀነሰ መጣ። ይህ ካርቦን በተክሎች በኩል ወደ ምግባችን ስለሚገባ፣ በአንድ የሰውነት ክፍል ውስጥ የሚገኘው መጠን ያ ክፍል የተሠራበትን ዘመን ይናገራል። በ2013 እ.ኤ.አ. የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች የተረከዝ ጅማትን በዚህ ዘዴ መርምረው፣ የጅማቱ እምብርት በመጀመሪያዎቹ 17 የዕድሜ ዓመታት እንደሚሠራና ከዚያ በኋላ እጅግም እንደማይታደስ አረጋገጡ። የእነዚያው ሰዎች ጡንቻ ግን በየጊዜው እየታደሰ ተገኝቷል።

ይህ ማለት ጅማት በልምምድ አይጠነክርም ማለት አይደለም። ይጠነክራል፤ ነገር ግን የሚቆጠረው በወራት ነው። ስለዚህ ከተመለሰ ከስድስት ሳምንት በኋላ የቀድሞውን ክብደት ማንሳት የሚችል ጡንቻ፣ ያንን ጉልበት ለመሸከም ገና ካልተዘጋጀ ጅማት ጋር ተያይዞ ሊገኝ ይችላል። «እችላለሁ» የሚለው ስሜት የሚመጣው ከጡንቻው ነው፤ ጅማቱ ግን እስኪያምመው ድረስ ድምፅ የለውም።

የኃይሌ ተረከዝ

የተረከዝ ጅማት ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ ተረከዙ ያስቸግረው ነበር፤ ከውድድሩም በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በነሐሴ 1993 ዓ.ም. በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ለለመደው ዓይን ይህ ሽንፈት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በመስከረም 1994 ዓ.ም. በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ፤ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ማራቶንን በ2:03:59 በመሮጥ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ነሐሱ የመንገዱ መካከል እንጂ መጨረሻው አልነበረም።

እንዴት እንመለስ?

ከላይ ያየነውን ወደ ተግባር እናምጣ። 100 ኪሎ ግራም 5 ጊዜ ያነሣ የነበረ ሰው በግማሽ ሜትር ከፍታ 2,450 ጁል ይሠራ ነበር። አሁን 50 ኪሎ ግራም 20 ጊዜ በየመካከሉ እያረፈ ቢያነሣ 4,900 ጁል ይሠራል፤ ሥራው እጥፍ፣ ጉልበቱ ግን ግማሽ ነው። ይህንንም ቢሆን ከዚያ ባነሰ ድግግሞሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሊደርስበት ይገባል። ክብደቱን የሚጨምርበትን ጊዜ የሚወስነው በዕለቱ የሚሰማው ብርታት ሳይሆን የማግሥቱ ጠዋት ነው። የተጎዳው ቦታ በማግሥቱ ከወትሮው ይበልጥ ካመመ ወይም ከደነደነ ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሙሉ ዕረፍትም መድኃኒት አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሐኪም አልፍሬድሰን ሥር የሰደደ የተረከዝ ጅማት ሕመም የነበረባቸውን 15 ሯጮች በደረጃ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ ተረከዛቸውን በዝግታ ወደ ታች እንዲያወርዱ አደረገ። ሸክም ሲቀላቸው በጀርባ ቦርሳ ክብደት ይጨመርላቸው ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። እብጠት፣ የእግር መደንዘዝ ወይም የሌሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ከማንኛውም ልምምድ በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

ለአዲስ አበባው ተማሪ ይህ የሜዳልያ ወይም የውበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ወገቡ ተጎድቶ የዝናቡን ወራት ላረፈው የአሬሮ ወጣት ግን በጋ ሲገባ የተጠማ ከብት ይጠብቀዋል። ሁለቱም የሚገዙት በአንድ ሕግ ነው፤ የመመለሻው ፍጥነት የሚለካው በፈጣኑ ጡንቻ ሳይሆን በዘገምተኛው ጅማት ነው።