ነጭ ማር ሁሉ አንድ አይደለም

ከለቡ እስከ ጀሞ፣ ከሳሪስ እስከ ጎፋ ባሉት የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሱቆች ማር የሚጠራው በቀለሙ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይባላል። ነጩ በተለይ ይፈለጋል። የማርን ጠባይ የሚወስኑት ግን ንቧ የቀሰመችው አበባና አበባው የበቀለበት ምድር ናቸው። ለዚህ ከሁለቱ ስመ ጥር ነጭ ማሮቻችን የተሻለ ምስክር የለም። የትግራዩ በአብዛኛው ቤሲየም ግራንዲፍሎረም ከሚባል የበሶብላ ዘመድ ቁጥቋጦ የሚገኝ ነው። ይህ ቁጥቋጦ ድንጋያማና ዝናብ አጠር በሆነ ተዳፋት ላይ በቅሎ ክረምቱ ሲወጣ ያብባል። የሸካና የከፋው ነጭ ማር ግን የጌተም ዛፍ በረከት ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ በቅሎ ኋላ ራሱን የሚችል ግዙፍ የደን ዛፍ ሲሆን፣ ማሩ የሚቆረጠው በሚያዝያና በግንቦት ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መሸጥ የሐረርን ቡና ከይርጋ ጨፌ ጋር ቀላቅሎ እንደ መሸጥ ነው።

ንብ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትቀስም ማርን በአንድ አበባ መጥራት አይቻልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ፍጹም የአንድ አበባ ማር አይገኝም። ነገር ግን አንዲት ንብ በአንድ ጉዞዋ ባመዛኙ ከአንድ ዓይነት አበባ አትወጣም፤ ብዙ ወለላ ያለበትን ቦታ ያገኘችውም በጭፈራዋ ለጓደኞቿ ትጠቁማለች። ስለዚህ በየወቅቱ የበዛው አበባ በማሩ ላይ ይሠለጥናል፤ በማሩ ውስጥ የቀረው የአበባ ዱቄትም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንጩን ያሳብቃል። በመስከረምና በጥቅምት መጭና ኑግ ደጋውን ቢጫ ሲያለብሱት ማሩም ቢጫ ይሆናል። ግራዋ ጠቆር ያለና መረር የሚል ማር ይሰጣል።

የረጋ ማር ስኳር ተጨምሮበታል የሚለው ጥርጣሬም ከዚሁ ይፈታል። ግሉኮስ የበዛበት ወለላ ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶስ ያየለበት ይዘገያል፤ ይህም በአበባው ዓይነት የሚወሰን ነው። ማር ላይ ባዕድ ነገር የሚደባልቅ ነጋዴ መኖሩ አይካድም፤ መርጋት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ማሩ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣና በየትኛው ወር እንደተቆረጠ ነው።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ምርትን የሚያሳድገው ቀፎ እንጂ አበባ አይደለም የሚለው ነው። ከባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ከዘመናዊው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል ይባላል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ሣጥን ወለላ አያመነጭም። አበባ በሌለበት አካባቢ የተደረደረ ዘመናዊ ቀፎ ንቦቹን የስኳር ብጥብጥ ጠባቂ ያደርጋቸዋል። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ለማር ወዳዱ ከማንኛውም የቀፎ ማሻሻያ የማይተናነስ ዜና ነበር። ጌተም ተቆርጦ ባህር ዛፍ ቢተከል ንቧ መሥራቷን አትተውም፤ ነጩ ማር ግን ከዚያ ወዲያ አይገኝም።