ሰሊጡም ካላዛሩም ከአንድ ዋልካ

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚገባው አስፋልት 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጠዋት ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ጋቢውን አጣጥፎ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ነው የሚወርደው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ወደ ቆላ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል፤ በየሺህ ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይጨምራል። በዚህ ስሌት በሁለቱ ከተሞች መካከል የዘጠኝ ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል።

እንዲህም ሆኖ ሰው ወደዚያ መውረዱን አላቆመም። ጉሙዞች ከቀድሞ ጀምሮ የኖሩበት ይህ ቆላ የንግድ በርም፣ የጦር ሜዳም ሆኖ ያውቃል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚሁ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የክልሉ መንግሥት መሬት ያጠራቸውን የደጋ ገበሬዎች በመተማና በቋራ አስፍሯል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የመተማ ወረዳ ነዋሪ ከ110 ሺህ በላይ ነበር። የምዕራብ ጎንደር ዞን ራሱን ችሎ ሲቋቋም ደግሞ ገንዳ ውኃ የዞን መቀመጫ ሆና መሥሪያ ቤቱም፣ ባንኩም፣ መጋዘኑም ተከትሎ መጣ። ትናንት የሣር ጎጆ የነበረበት ቦታ ዛሬ ቆርቆሮ ለብሷል።

ሰው የሚወርደው ሙቀቱን ችሎ ብቻ አይደለም። በሙቀቱ ምክንያት የሚወርድም አለ። ለገንዘብ የሚፈለገው ሰብል ሙቀት ወዳጅ ነውና። ቆላውን ተፈላጊ ያደረጉት አፈሩ፣ ሙቀቱ፣ ዝናቡና ድንበሩ ናቸው፤ ቆላውን አስፈሪ ያደረጉትም እነዚሁ አራቱ ናቸው። ይህን ያልተረዳ የከተማ ዕቅድ ገበያውን ሲያሰፋ በሽታውንም አብሮ ያሰፋል።

ከሰሊጥ እንጀምር። ብዙ ተመራማሪዎች ሰሊጥ መጀመሪያ የተላመደው በሕንድ ክፍለ አህጉር ነው ይላሉ። ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይመቸዋል፤ ድርቅን ይችላል፤ ውኃ የሚተኛበት ማሳ ግን ይገድለዋል። የሑመራና የጎንደር ሰሊጥ በነጭነቱ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ ለኢትዮጵያም ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መግቢያ ላይ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል፤ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይታጨዳል።

ሰሊጥ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ዘሩን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈትና ዘሩን መሬት ላይ ያራግፈዋል። ተክሉ በዱር ሳለ የተራባው በዚህ ዘዴ ነው፤ ለገበሬው ግን የዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፋበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሰሊጥ ገና አረንጓዴነቱ ሳይለቀው፣ ሽፋኑ ሳይከፈት መታጨድ፣ በነዶ ታስሮ ቀጥ ብሎ መቆምና እዚያው መድረቅ አለበት። ኮምባይነር ሲነካው ስለሚረግፍ ሥራው ሁሉ በሰው እጅ ላይ ወደቀ። በሺዎች ሄክታር የሚቆጠር ማሳ በአንድ ጊዜ ደርሶ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ መሰብሰብ ካለበት፣ ያን ያህል እጅ በአካባቢው አይገኝም። ሳሉግ የሚባሉት የጉልበት ሠራተኞች የሚፈለጉት፣ ከደጋ ወጣቱ በየዓመቱ በመኪና ተጭኖ የሚወርደው፣ የቀን ሠራተኛ ዋጋ በመኸር ወቅት ሽቅብ የሚወጣው ለዚህ ነው። የከተሞቹ ምግብ ቤት፣ አልቤርጎና ሱቅ ዓመቱን የሚኖረው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ገቢ ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው አፈር ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ሸክላ የበዛበት አፈር። በውስጡ ያሉት እጅግ ደቃቅ የሸክላ ንጣፎች ዝናብ ሲያገኙ ውኃውን በመካከላቸው አስገብተው ያብጣሉ፤ በጋ ሲሆን ውኃውን አጥተው ይኮማተራሉ። ያበጠው ዋልካ ትራክተር ይውጣል፤ የተኮማተረው ደግሞ ክንድ ብቻ ሳይሆን ረጅም በትር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ውኃና ማዳበሪያ አጥብቆ ስለሚይዝ ለማሽላ፣ ለጥጥና ውኃው ሳይተኛበት ለሚዘራ ሰሊጥ ጥሩ አፈር ነው። ለቤት ግን መጥፎ መሠረት ነው፤ ክረምት ከፍ፣ በጋ ዝቅ ሲል ግድግዳ ይሰነጥቃል። አቅም ያለው ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ ገረጋንቲ ይሞላል። አቅም የሌለው በዋልካው ላይ እንዳለ ይሠራል፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱም ክረምት ሲመጣ ይደረመሳል።

በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ሌላ ኗሪ አለ። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ቀኑን በስንጥቁ ጥላና እርጥበት ውስጥ ታሳልፋለች፤ ሲመሽ ደም ፍለጋ ትወጣለች። በዋልካ ላይ የግራርና የላሎ ዛፍ ባለበት ሁሉ ትመቻቻለች፤ ይህ ደግሞ የመተማና የሑመራ ቆላ መልክ ነው። ቁጥራቸው የሚበዛው በበጋው ማብቂያ፣ ማሳ የሚመነጥሩና የሚያርሱ ሠራተኞች በግራር ሥር ሜዳ ላይ በሚያድሩበት ጊዜ ነው። የምታስተላልፈው ጥገኛ ተሐዋሲ ካላዛርን ያመጣል። ተሐዋሲው የሚደበቀው ወራሪን ሊውጡ በተፈጠሩት የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ በእነሱ ተጭኖ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ መቅኔ ይገባል። ትኩሳቱ ይረዝማል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ አብጦ ሆድ ይነፋል፣ ደም ያንሳል። ካልታከመ ከሞት የሚተርፍ ጥቂት ነው። ኤችአይቪ ካለ ደግሞ ሁለቱ ተጋግዘው መከላከያውን ስለሚያፈርሱት በሽታው ድኖ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ከሕንድ ጋር ማነጻጸሩ ብዙ ያስተምራል። ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛርን ለማስወገድ ተስማምተው ሠሩ፤ ባንግላዴሽም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ የተሰጣት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። እዚያ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጭቃ ቤትና በከብት በረት ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ስለዚህ ቤት ለቤት የሚረጭ ፀረ ተባይ ይደርስባታል። የመተማዋ ግን ሜዳ ላይ፣ በማሳ ስንጥቅ ውስጥ ናት። የተነከሰውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለውም። የሚረጭ ግድግዳ በሌለበት ግድግዳ መርጨት አይቻልምና ለእስያ የሠራው ዘዴ እንዳለ ተገልብጦ ለዚህ ቆላ አይሠራም። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመዘገበው ካላዛር አብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሽታው ቆላ ላይም አይቀርም። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ወራት ስለሚያልፉ ሠራተኛው ሳይታመም አገሩ ይገባል፤ የሚተኛው ደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም የታወቀው ወረርሽኝ ቆላ ወርደው ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር የተያያዘ ነበር። በሽታውን በማያውቅ አካባቢ መጀመሪያ ላይ ወባ ነው ተብሎ መታከሙ የብዙ ሰው ሕይወት አስከፍሏል።

ወባውም የራሱ ቀጠሮ አለው። ዝናቡ ቀንሶ ውኃው በየቦታው ሲጠራቀም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትንኙ ይበዛል። ሰሊጥ የሚታጨደውም ያኔ ነው። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ በከፊልም ቢሆን መቋቋሚያ ያገኛል። ከደጋ አሁን የወረደው ወጣት ግን ምንም የለውም፤ በአንድ ንክሻ ሊወድቅ ይችላል። አገሪቱ ብዙ ሠራተኛ ወደ ቆላ የምታወርድበት ጊዜ ወባ ከሚበረታበት ጊዜ ጋር መግጠሙ በየዓመቱ የሚታወቅ ነገር ነው። የታወቀን ነገር አጎበርና መድኃኒት አዘጋጅቶ መጠበቅ ለባለማሳውም ለመንግሥትም ግዴታ መሆን ነበረበት።

የሰውነት ሙቀት ጉዳይም አለ። ሰው የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። በደረቁ መጋቢት ላብ ቶሎ ይተናል፤ ከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ሊያጣ ስለሚችል አደጋው ጥማት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ረገብ ቢልም አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ አራሚው ውኃ እየጠጣም ሊግል ይችላል። ሰውነት ከሙቀት ጋር የሚላመደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ነው፤ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላቡ ቀድሞ ይጀምራል፣ የሚያወጣው ጨው ይቀንሳል። አዲስ መጤን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን ማሠራት ከዚህ ተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው።

ከተማው ሲያድግ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ፀሐይን ይመክታል። ቆርቆሮ ግን በቀን ይግላል፤ ኮርኒስ ከሌለው ሙቀቱን ቁልቁል ወደ ሰው ይልከዋል። ሲመሽ ቤቱ ውስጥ መተኛት አይቻልምና ሰዉ አልጋውን ደጅ ያወጣል። ትንኙና የአሸዋ ዝንቧ የሚወጡትም ያኔ ነው። አጎበሩ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ባለቤቱ ደጅ ካደረ አጎበሩ ማንንም አልጠበቀም። ስለዚህ ኮርኒስ፣ በጣራና በግድግዳ መካከል የሚተው የአየር መውጫና የጥላ ዛፍ ከምቾትም አልፈው የጤና ጉዳይ ናቸው፤ ደጅ ላይ የሚተከል አጎበር ደግሞ ቆርቆሮው እስኪለወጥ ድረስ ነገ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።

የዛፉ ነገር ግን አሳሳቢ ሆኗል። የመተማ ጫካ የእጣን ዛፍ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች የሚገኙ የእጣን ዛፎችን መርምሮ ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ችግኝ የለም። ከብት ይበላዋል፣ ቃጠሎ ይጨርሰዋል፣ ለእጣኑ ሲባል ቅርፊቱ ሲበዛ የተፋቀው ዛፍ ደግሞ ዘር ለማፍራት አቅም ያጣል። በዚያ ላይ ማሳው፣ ከሰሉና ማገዶው አለ።

ውኃም እንደዚሁ ነው። የጓንግ ወንዝ ድንበር ተሻግሮ አትባራ ይሆናል፤ ሽንፋ ደግሞ ራሃድ። በበጋ ግን ፍሰታቸው ተቆርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነው ይቀራሉ። በ2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በሽንፋ ዳር የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ የኖሩ ሰዎችን አስተዋውቋል። በኢንዶኔዢያ የሚገኘው የቶባ እሳተ ገሞራ የረጨው ደቃቅ የብርጭቆ ብናኝ እዚህ ድረስ መጥቶ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። አየሩ ይበልጥ ሲደርቅ እነዚያ ሰዎች በየኩሬው የታገተውን ዓሣ አዘውትረው መብላት እንደጀመሩ አጥንቱ ይመሰክራል። ይህ ቆላ ከጥንት ጀምሮ ለሚያውቀው ሰው የሚኖሩበት አገር እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የዛሬው ከተሜ ደግሞ ውኃውን በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል። የለመድነው የወባ ትንኝ ክረምት በሚፈጥረው የሜዳ ኩሬ ይራባል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ግን በሕንድ ከተሞች በውኃ ታንከር ውስጥ እየተራባ የከተማ ወባ የሚያስፋፋ ነው፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ለተነሳ የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆኗል። ቧንቧ ሳይደርሳቸው የሚያድጉ የቆላ ከተሞች ሁሉ ለዚህ ትንኝ የተመቹ ናቸው። ሮቶ መክደን ርካሽ መከላከያ ነው።

ስለ ድንበሩ ሳይነገር የመተማ ነገር አያልቅም። ከድንበሩ ድልድይ ወዲያ የሱዳን ከተማ ጋላባት ነው። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወደ ጦርነት ስትገባ መተማ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የብዙ አገር ዜጎች የሚሻገሩባት በር ሆነች፤ በኩመር የስደተኞች መጠለያም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮሌራ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ከአውላላና ከኩመር መጠለያዎች በርካታ ስደተኞች ዝርፊያና ጥቃት ሸሽተው ወደ መንገድ ዳር ወጡ። በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነትና በመንገድ ላይ የሚፈጸመው እገታ ሠራተኛውንም፣ ሰሊጡንም፣ መድኃኒቱንም ያጉላላል። ሰላም ከሌለ ከላይ የተነሱት መፍትሔዎች ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

የካላዛር ሕክምና ግን አለ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል፣ በመተማ ሆስፒታልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሠሩበት አብደራፊ በሽታው ይታከማል። በተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀናት ይሰጣል፤ ሕመሙ ለበረታበትና ኤችአይቪ ላለበት ሰው ግን ሌላ መድኃኒት ይታዘዛል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ግን አንዳንድ ታማሚ ሊያመልጠው ስለሚችል ሐኪሙ ከተጠራጠረ ተጨማሪ ምርመራ ያዝዛል። ስለዚህ ከቆላ ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው፣ የወባ መድኃኒት ቢወስድም ካልተሻለው፣ ለሚያክመው ባለሙያ መጀመሪያ ሊነግረው የሚገባው የት ሲሠራ እንደከረመ ነው።